የኤል 200 ቱርቦ ግፊት አነሰ፦ የዌስትጌት ሥራ ማስታወሻ

መኪናዋ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ናት። ሞተሯ ፎር ዲ 56 ቱርቦ፣ 2,477 ሲሲ፣ ናፍጣ። የናፍጣ ፖምፓዋ ሜካኒካል ነው። ስካነር ሰክቶ ስህተት ማንበብ የሚባል ነገር የለም። ቱርቦው፣ በጭስ ማውጫ ጋዝ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው፣ ቲዲ 04 ነው፤ ግፊቱን የሚወስነው ዌስትጌቱ ነው፣ ጋዙን ከተርባይኑ ጎን የሚያሳልፈው ክዳን። ለገና እናቴ ጋ አሰላ መግባት አለብኝ። ቀነ ገደቤ ታኅሣሥ 27 ነው።

ኅዳር 1፣ 2017፣ እሑድ

ትናንት ከቢሾፍቱ አምስት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ ዳገት አልወጣ አለችኝ። ድሮ በአራተኛ የምትጨርሰውን በሦስተኛ ጀመርኩት፣ በሁለተኛ ጨረስኩት። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ለውጥ የለም። የቱርቦው ፉጨት ይሰማል፣ ጉልበቱ ግን የለም። አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ ጭስ የለም። ጥቁርም ነጭም የለም። ዝም ብላ ደክማለች።

ጠዋት ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ሰጠና "ወንድሜ፣ ቱርቦው ሞቷል፤ ቀይረው" አለኝ። ያገለገለ ቱርቦ 55,000 ብር፣ የእጅ 6,000 ብር። "ስንት ባር እየሰጠ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። አልለካም። ሳይለካ 61,000 ብር አላወጣም ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ኅዳር 3

መጀመሪያ ርካሹን። የአየር ፊልትሮውን አወጣሁ፤ ደህና ነው። የናፍጣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ 1,200 ብር። ለውጥ የለም። ግን መቀየሩ ደርሶ ነበር፣ አይቆጨኝም።

ከዚያ ወደ ቱርቦው መግቢያ የሚሄደውን ቱቦ ነቅዬ የኮምፕረሰሩን ጎማ (አየር የሚጨምቀውን ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ ብረት) በጣቴ ያዝኩት። ወደ ጎን ትንሽ ይወዛወዛል፣ ግን ግድግዳውን አይነካም። ወደፊትና ወደኋላ ስጎትተውና ስገፋው ምንም አይንቀሳቀስም። ሳሽከረክረው ያለ ድምፅ ይዞራል። ክንፎቹ ላይ የተቆረሰ ነገር የለም። በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ የተኛ ዘይት የለም። ይህ የሞተ ቱርቦ አይደለም። የሞተ ቱርቦ አይቼ አውቃለሁ፤ ጎማው ግድግዳውን ቧጥጦ፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) በዘይት ተሞልቶ ነበር።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የግፊት ጌጅ ገዛሁ፣ 2,800 ብር። ከአየር ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው) ወደ ናፍጣ ፖምፓው ራስ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ እሷን ቆርጬ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ አስገባሁና አንዱን አፍ ወደ ጌጁ ወሰድኩት። ጌጁን ለጊዜው ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።

ይህች ቀጭን ቱቦ ጭስ ለምን እንደሌለ ትናገራለች። ፖምፓው ራስ ላይ ዲያፍራም (በግፊት የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን) አለ። የቱርቦ ግፊት ሲመጣ ዲያፍራሙ ወደታች ይወርድና ናፍጣ ይጨመራል። ግፊት ካልመጣ ናፍጣም አይመጣም። ስለዚህ መኪናዋ ሳታጨስ ትደክማለች። ጥቁር ጭስ ቢኖር ኖሮ ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር።

መለኪያ መንገዴ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ 2,800 ዙር። ጌጁ 0.30 ባር ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ንቅንቅ አላለም።

0.30 ብዙ ነው ትንሽ? መጽሐፍ ከማገላበጥ ይልቅ ያው ሞዴል ያለውን ጓደኛዬን ጠራሁት። ጌጁን ነቅለን የሱ ላይ ገጠምነው። ያው ዳገት፣ ያው ማርሽ፣ ያው ዙር። 0.65። ከግማሽ በላዩ ጠፍቶብኛል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዒላማዬ 0.65 ነው።

ኅዳር 12

የአየር ማምለጫ ፍለጋ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የፒቪሲ ክዳን ገዛሁ። መሐሉን ቀድጄ የጎማ መንፊያ ቫልቭ አስገባሁበት። ከጎሚስታው ኮምፕረሰር ቱቦ ተዋስኩ። ሁሉም 350 ብር።

እዚህ ጋ ተሳሳትኩ። ክዳኑን የገጠምኩት አየር ፊልትሮው ጋ ባለው ጫፍ ላይ ነበር። በዚያ ቱቦ መሐል የሞተሩ መተንፈሻ የሚገባበት አፍ አለ። አየር ስለቅ ወደ ሞተሩ ሆድ ገባ። የዘይት መለኪያው ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ዘይትም ተረጨ። ወዲያው ዘጋሁት። ትንሽ ብቆይ የዘይት ሲሎቹን ልገፋቸው እችል ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ክዳኑን በቀጥታ የቱርቦው አፍ ላይ ገጠምኩት፣ በፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) አጠበቅኩት። 0.5 ባር ሰጠሁ። አሁንም አየር በማርሚታ በኩል ይወጣል። አንዱ ሲሊንደር መግቢያውም መውጫውም ቫልቭ ተከፍቶ የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ሞተሩን በቁልፍ ሩብ ዙር አዞርኩት፣ ቆመ።

የሳሙና ውሃ ረጨሁ። ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው ማኒኮቶ (ወፍራም የጎማ ቱቦ) በሆዱ በኩል ተሰንጥቋል። ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል። አረፋው ከሥሩ እየተንቀለቀለ ሲወጣ ነው ያየሁት። በመስታወት ነበር የማየው፣ እጅም አያስገባም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

በካለማዳሪ ጠቅልዬ በሽቦ አሠርኩት። እንጦጦ ግማሽ ላይ ፈነዳ። ግፊትና ሙቀት ያለበት ቦታ ላይ ጥቅልል አይሠራም፣ አትሞክሩት። የሲሊኮን ማኒኮቶ ከሁለት ፋሼታ ጋር 1,900 ብር ገዝቼ ገጠምኩ።

ውጤት 0.38 ባር። ተሻለ፣ ግን ገና ነው። የአየር መንገዱ አሁን ጥብቅ ነው። የቀረው ዌስትጌቱ ነው።

ኅዳር 19

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ዛሬ ነው። በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

አክቹዌተር የሚባለው በዘንግ የዌስትጌቱን ክዳን የሚያንቀሳቅሰው ባለ ዲያፍራም ቆርቆሮ ነው። ሁለት ሰዎች "የአክቹዌተሩ ዲያፍራም ተቀዷል፣ ለዚያ ነው ግፊት ያነሰው" አሉኝ። እኔም አመንኩ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ አክቹዌተር በ4,500 ብር ገዛሁ። ቆርቆሮው አንድ ዓይነት ነው፣ መያዣውም ይገጥማል። የድሮውን ሳልሞክር ፈትቼ ጣልኩት፣ አዲሱን ገጠምኩ። እንጦጦ ወጣሁ። 0.20 ባር። ባሰ።

ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ አየኋቸው። የገዛሁት ዘንግ በ3 ሚሜ ይረዝማል። ከሌላ ሞተር የወጣ ነው። ዘንግ ሲረዝም የዌስትጌቱን ክዳን ገና ከመጀመሪያው ከፍቶ ይይዘዋል። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እኔ ነኝ ሳልለካ የገዛሁት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

የዚህ ቱርቦ አክቹዌተር በግፊት የሚከፍት ነው። ከኮምፕረሰሩ ቤት ቀጭን ቱቦ ይመጣል፣ ግፊቱ ዲያፍራሙን ይገፋል፣ ዘንጉ ይወጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል። ክዳኑ ሲከፈት የጭስ ማውጫው ጋዝ ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል። ሞላው ደግሞ ሁልጊዜ ክዳኑን ለመዝጋት ይጎትታል። እንግዲህ ዲያፍራሙ ቢቀደድ ምን ይሆናል? የሚገፋው ግፊት ያመልጣል። ሞላው ክዳኑን እንደዘጋ ይቀራል። ግፊቱ ያለ ልክ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም! ቱቦው ቢቀደድም፣ ቢወልቅም እንደዚያው ነው።

"ዲያፍራም ተቀዷል፣ ግፊት አነሰ" የሚባለው በቫኪዩም (አየር በመምጠጥ) ለሚሠሩት፣ ክንፋቸው ለሚስተካከል ቱርቦዎች እውነት ነው። እነሱ ላይ ቫኪዩም ሲያመልጥ ጉልበት ይጠፋል። የኔ ዓይነቱ ላይ ግን ነገሩ ግልባጭ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ሲያቀላቅል ሰምቻለሁ፣ ብዙ ገንዘብም በዚህ ይባክናል። በጆሯችሁ ከምትሰሙት በፊት ቱቦው ከየት እንደሚመጣ በዓይናችሁ እዩ። ከቱርቦው ራሱ ከመጣ በግፊት ነው፤ ከቫኪዩም ፖምፓ በኩል ከመጣ በቫኪዩም ነው።

እኔ ዘንድ ግፊት የሚያሳንሰው ክዳኑ አለመዘጋቱ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ሞላው ደክሞ፣ ዘንጉ ረዝሞ፣ ክዳኑ ወይም መቀመጫው ተበልቶ፣ ወይም ክዳኑን የሚያዞረው ክንድ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

የድሮውን አክቹዌተር ከቆሻሻው መሐል አወጣሁት። አነስተኛ ግፊት የሚለካ ፓምፕ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ የአባቴ የደም ግፊት መለኪያ አለ፣ በእጅ የሚጨመቅ ባለ ጌጅ። 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ 0.40 ባር ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ነቅዬ ቱቦውን አክቹዌተሩ አፍ ላይ ሰካሁት። ልክ እንደተሠራለት ገጠመ። እስከ 300 ነፋሁ። ዘንጉ አልተንቀሳቀሰም፤ ሞላው አልደከመም። ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። መርፌው ከ300 አልወረደም፤ ዲያፍራሙ አልተቀደደም። ጎሚስታው ጋ ሄጄ የኮምፕረሰሩን መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርጌ፣ በራሴ ጌጅ እየለካሁ ስጨምር 0.50 ላይ ዘንጉ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ። የጣልኩት አክቹዌተር ፍጹም ጤነኛ ነበር። 4,500 ብሩ በከንቱ ሄደ።

የአባቴን መለኪያ አጽድቼ፣ ጨርቁን መልሼ ቦታው አስቀመጥኩ።

ኅዳር 24

የድሮውን መለስኩ። ሁለት ሙከራ አደረግኩ።

አንደኛ፣ የአክቹዌተሩን ቱቦ ነቅዬ አፉን በቡሎን ዘጋሁ። አሁን ዌስትጌቱን የሚከፍተው ግፊት የለም። ይህ ሙከራ አደገኛ ነው፤ ገደብ የለውም፣ ጌጁ ላይ ዓይን ይፈልጋል። 0.8 ካለፈ እግሬን አነሣለሁ ብዬ ወጣሁ። 0.42 ላይ ቆመ። የሚከፍተው ኃይል ሳይኖር እንኳ ግፊት የለም። ስለዚህ ክዳኑ ራሱ ክፍት ነው።

ሁለተኛ፣ በቀዝቃዛው ክንዱን በፒንሳ ሳንቀሳቅሰው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ታዲያ ምንድን ነው? በሙቀቱ መሞከር እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው። እንጦጦ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ሞተሩን አንድ ደቂቃ በዝግታ አሠርቼ አጠፋሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የብየዳ ጓንት አደረግኩ፣ በረጅም ፒንሳ ክንዱን ገፋሁት። ተከፈተ። ለቀቅኩት። አልተመለሰም። ሞላው እየጎተተው እንኳ እዚያው ቀረ። ጣቴን የምታህል ብረት፣ ከመቀመጫዋ 2 ወይም 3 ሚሜ ተነሥታ ቆማለች። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ቀዝቀዝ ሲል በራሷ "ቀጭ" ብላ ተዘጋች።

ሦስት ሳምንት የፈለግኩት ይህን ነበር። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ጤነኛ፣ ዳገት ላይ በሽተኛ።

አሁን ትዝ አለኝ። አምና አንድ ጋራዥ ውስጥ ክንዱ ትንሽ ይጮሃል ብለው ግራሶ ቀብተውት ነበር። ግራሶ እዚያ ሙቀት ላይ ይቃጠልና ድንጋይ ይሆናል። ለቀናት ይቀላል፣ ከዚያ ይብሳል። እዚያ ቦታ ላይ ግራሶ አይቀባም።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ሳልፈታ ለማዳን አራት ቀን ሞከርኩ። ዝገት ማላቀቂያ እረጫለሁ፣ አነዳለሁ፣ አንቀሳቅሳለሁ፣ እንደገና እረጫለሁ። 0.45 ደረሰ። በማግስቱ 0.40። ቱርቦው መውረድ አለበት።

ታኅሣሥ 1

አወረድኩት። ሙሉ ቀን ፈጀ። የራዲያተር ውሃ ማውረድ አለ፣ ቲዲ 04 በዘይትም በውሃም ነው የሚቀዘቅዘው። ከጭስ ማኒፎልዱ ጋር ከሚያስሩት ቡሎኖች አንዱ ተሰበረ። ሌሊቱን ሁሉንም ዝገት ማላቀቂያ አርሼ ባድር ኖሮ ምናልባት አይሰበርም ነበር። ተቸኩሎ የተፈታ ነው። ማስወጫ 800 ብር።

የተርባይኑን ቤት ከመሐሉ ከመለየቴ በፊት በነጭ ቀለም መሥመር አሠመርኩባቸው። ይህ መሥመር ከሌለ ሲገጠም ማዕዘኑ ይሳሳትና የዘይት መመለሻው ዘንበል ይላል፤ አክቹዌተሩም ቦታውን ያጣል። አደራ።

ውስጡን አየሁት። ክንዱ የሚዞርበት ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ጥቁር ቅርፊት ሞልቶታል፣ በውስጡ የሚዞረው የክንዱ ዘንግም ከአንድ ወገን ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ክዳኑ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ክዳኑን ዘግቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ስልኬን አብርቼ ከኋላ ያዝኩት። በግማሽ ክቡ ዙሪያ እንደ ጨረቃ ብርሃን ይታያል።

ታኅሣሥ 4

ቶርኖ ቤት። ጋሼ ቶርኒው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። የክንዱን ዘንግ አጽድተው አዲስ ቦኮላ ከአይዝጌ ብረት ሠሩ። በጥሩ ሁኔታ ጥብቅ፣ 0.05 ሚሜ ክፍተት። በእጅ ሲዞር ቅቤ ነው። ልወስደው ስል "ጋሼ፣ ይህ ነገር በሙቀት ነበር የሚጣበቀው። እዚሁ ብናሞቀው ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው በጋዝ ብየዳው እሳት አሞቁት። ቤቱ ቀላ። ክንዱን ገፋሁ። ድርቅ።

"አየህ ልጄ" አሉኝ፤ "አይዝጌ ሲሞቅ ከዚህ ቀልጦ በቅርጽ ከተሠራ ብረት የበለጠ ያብጣል። ወደ ውጭ ማበጥ ሲያቅተው ወደ ውስጥ ነው የሚያብጠው፣ ዘንጉን አንቆ ያዘው።" ከተጣለ የሲሊንደር ካና (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ቆርጠን ሌላ እንሠራለን አሉ። ካናም ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት ነው፤ ከቱርቦው ቤት ጋር እኩል ያብጣል።

ታኅሣሥ 8

ሁለተኛው ቦኮላ፣ ከካና የተሠራ፣ ክፍተቱ 0.2 ሚሜ። በቀዝቃዛው ትንሽ ይላላል፣ ይንቀጫቀጫል። አሞቅነው። ክንዱን ገፍቼ ስለቀው ያለ ማቅማማት ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምን። ለሁለቱም ሥራ 3,500 ብር ወሰዱ። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት።

ቤት መጥቼ ክዳኑን ከመቀመጫው ጋር በቫልቭ መፍጫ ቅባት ፈጨሁት። ግራና ቀኝ፣ እያነሣሁ፣ እያዞርኩ፣ ሁለት ሰዓት። ቅባቱን አጠብኩ። የስልክ መብራት ሙከራ፦ የሚታይ ብርሃን የለም። ላምባ አፈሰስኩበት፦ በአንድ ደቂቃ ሁለት ጠብታ። ለጋዝ ማለፊያ ይህ በቂ ነው ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ገጠማ። አዲስ ጓርኒሲዮኖች (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎች) 2,400 ብር። የዘይት መመለሻዋን ጓርኒሲዮን አሮጌዋን መልሰው የሚገጥሙ አሉ፤ እኔ አላደረግኩትም፣ ቦታዋ ላይ ደግሞ እጅ ማስገባት መከራ ነው።

ቱርቦውን ከመግጠሜ በፊት በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አፍስሼ ጎማውን በእጅ አዞርኩ። ከገጠምኩ በኋላ ደግሞ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን ማጥፊያ ሶሌኖይድ ሽቦ ነቅዬ ስታርተሩን መታሁ። ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ አይነሣም፣ ዘይት ግን ይወጣል። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በአጭር በአጭሩ መታሁ። ከዚያ ሽቦውን መልሼ አስነሣሁ። ደረቅ ቱርቦ ማስነሣት ማለት የሳምንቱን ሥራ በአሥር ሰከንድ ማበላሸት ነው። አዲስ ዘይት፣ ፊልትሮና የራዲያተር ፈሳሽ በአንድነት 3,600 ብር።

ታኅሣሥ 15

እንጦጦ። 0.58 ባር!

ጓንቴን አድርጌ ላይ ስደርስ ክንዱን ገፋሁት። ተመለሰ። መሐል ሜዳ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

የቀረው 0.07 ነው። የአክቹዌተሩን ዘንግ ከክንዱ ነቅዬ አየሁት። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ የዘንጉ ቀዳዳ ከክንዱ ፒን ጋር እኩል ነው፣ ሳይጎተት ይገባል። መሆን ያለበት ትንሽ አጥሮ፣ በጉልበት ስቦ የሚገባ ነው። ያ መሳብ ነው ክዳኑን መቀመጫው ላይ አጥብቆ የሚይዘው። ከሌለ የጭስ ጋዙ ራሱ ቀድሞ ክዳኑን ያነሣዋል። መቀመጫውን ስለፈጨሁት ክዳኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ ስለዚህ መሳቡ ጠፋ።

የኔ ዘንግ በፋብሪካ የተዘጋ ነው፣ ማስተካከያ ዳዶ የለውም። ስለዚህ በአክቹዌተሩና በመያዣው መካከል፣ በሁለቱም ቡሎን ላይ 1 ሚሜ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) አስገባሁ። ቆርቆሮው ወደኋላ ሸሸ፣ ዘንጉም ክንዱን ይስብ ጀመር። 0.64።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

አንድ ስህተት ለመሥራት ተቃርቤ ነበር፣ በግማሽም ሠርቼዋለሁ። አንድ ጎረቤቴ "አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ግፊቱን መጨመር አለብህ" አለኝ። የሚያሳምን ነገር ነው። ሁለተኛ ሮንዴላ ጨመርኩ። 0.78። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ግን ጉልበቷ የጨመረ አይመስልም፤ የሙቀት መርፌው ግን ከወትሮው በላይ ወጣ።

ሂሳቡን ሠራሁት። ጌጁ የሚያሳየው በአካባቢው አየር ላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.01። ጌጁ ሁለቱም ቦታ 0.65 ቢል፣ ሞተሩ ውስጥ የገባው እዚህ 1.42፣ እዚያ 1.66 ነው። አክቹዌተሩም የሚያወዳድረው ከውጭው አየር ጋር ስለሆነ፣ ሞላው በሁለቱም ቦታ ጌጁ ላይ ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ጎረቤቴ እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው፣ እዚህ ጉልበት ይቀንሳል።

ነገር ግን ኮምፕረሰሩ የሚደክመው በማባዛቱ ነው። ጅቡቲ ላይ 1.01ን ወደ 1.66 ለማድረስ 1.64 ጊዜ ያባዛል። እዚህ 0.77ን ወደ 1.42 ለማድረስ 1.84 ጊዜ ያባዛል። ቱርቦው እዚህ ቀድሞም በፍጥነት እየዞረ ነው። 0.78 ሳደርገው ከ2 ጊዜ በላይ ሆነ። አየሩም በዚያው ልክ ይሞቃል። የፖምፓው ዲያፍራም ደግሞ እስከ መጨረሻው ወርዶ ካበቃ ትርፍ ግፊት ትርፍ ናፍጣ አያመጣም። የፎር ዲ 56 ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ስንጥቁ የታወቀ ነው። ሁለተኛዋን ሮንዴላ አወጣኋት። 0.64፣ እዚያው ይቁም።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ወደ አሰላ። አራት ሰው፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ አንድ በግ። ከአዳማ ወጥቶ ወደ አዋሽ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ በዴራና በኢተያ በኩል እስከ አሰላ እየወጡ መሄድ ነው። ጌጁን ሳልፈታው አብሮኝ ሄደ። ዳገቱ ላይ 0.63፣ 0.64። ሦስተኛ ማርሽ ላይ በምቾት ወጣች፣ ረጋ ባለው አራተኛም ተቀበለች። የሙቀት መርፌው ቦታው ላይ ነው።

ወጪ፦ ጌጅ 2,800፣ የናፍጣ ፊልትሮ 1,200፣ መሞከሪያ ክዳን 350፣ ማኒኮቶ 1,900፣ በስህተት የተገዛ አክቹዌተር 4,500፣ ቡሎን ማስወጫ 800፣ ቶርኖ 3,500፣ ጓርኒሲዮን 2,400፣ ዘይትና ፈሳሽ 3,600፣ ሮንዴላና ቁርጥራጭ 450። ድምሩ 21,500 ብር። አክቹዌተሩን ቀድሜ ብፈትሽ 17,000 ነበር።

ጥር 4፣ እሑድ

ከገና ተመልሼ 640 ኪሜ ሆኖታል። ዛሬ እንጦጦ ወጣሁ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ጓንቴን አደረግኩ። ክንዱን ገፍቼ ለቀቅኩት። "ቀጭ" ብሎ ወዲያው ተዘጋ። በቀዝቃዛው ስታስነሣ አሁንም ቦኮላው ትንሽ ይንቀጫቀጫል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። በ5,000 ኪሜ እንደገና አየዋለሁ፣ ግራሶም አይነካውም።